የልምምድ አዳር

ሣሩ በዝናብ ርሶ ሳለ የልጄ ካልሲ ደረቅ እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ካምፒንግ ወጥተን ስለማናውቅ፣ ለመለማመድ ያህል የተዋስነውን ድንኳን ጓሯችን ውስጥ ተከልን። እኔ ገመዱን ስይዝ ልጄ ካስማውን መታች። ጫማችንን ደጁ ላይ አውልቀን ገባን።

«እማዬ፣ ፈርተሽ ቤት ብትገቢ ለጓደኞቼ በሙሉ ነው የምናገረው» አለችኝ።

«ምን ቆርጦኝ!» ብዬ ፎከርኩ።

ገና እንደመሸ አንድ ነገር የድንኳኑን ሸራ ከውጭ በኩል ዳበሰው። ባትሪውን እንደያዝኩ እግሬ አውጪኝ ብዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። ልጄ ትዝ ያለችኝ ወጥ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ዞር ስል ከኋላዬ ቆማለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እናት ተብዬ! ልጄን ጥዬ ልሩጥ? በቃ፣ ሳቂብኝ» አልኳት።

አልሳቀችም። እጄን ያዘችና «ለማንም አልናገርም። እንተኛ» አለችኝ። በነገር ሁሉ የምታፌዘው ልጄ ለእኔ አዘነችልኝ ብዬ፣ ዕንባዬን ልደብቅ አቀረቀርኩ። የእኔ ካልሲ ወለሉ ላይ ውሃ ያንጠፈጥፋል። የእሷ ግን ነጭ እንደሆነ ነው፤ ጠብታ አልነካውም።

ያኔ ከጓሮ፣ ከድንኳኑ ውስጥ፣ የልጄ ሳቅ ተሰማ። «እማዬ! አንቺ ፈሪ! ኧረ ባትሪውን እንኳ መልሺልኝ፣ ጨለመብኝ እኮ!»

ወደ በሩ ልሮጥ ስል ቀደመችኝ። እጄን ሳትለቅ ቁልፉን ሁለቴ አዞረችው።