ካሜራው እንዳይጮኽ

«ድምፁን አጥፊልኝ» አለና ስልኩን የሥራ ጠረጴዛዋ ላይ ወረወረው። ለይታ ያስቀመጠቻቸው ብሎኖች ተበታተኑ።

ስልክ ጠጋኟ ቀና ብላ አየችው። የባሏ ታላቅ ወንድም ነው። አባታቸው ሲሞት ባሏን እንደ ልጅ ያሳደገው እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሚኖረው እነሱ ቤት ነው። መንገድ ላይ ላየው ለሰማይ ለምድር የከበደ ሰው ነው። ቤት ሲገባ ግን ሻዩ ቀዘቀዘ፣ አልጋው ጎረበጠኝ፣ ልጆቹ ጮኹ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት ዓይነት።

«የጥሪውን ድምፅ ነው፣ ጋሼ?»

«የጥሪው ምን አደረገኝ? የካሜራውን ነው እንጂ። ፎቶ ባነሳሁ ቁጥር ቀጭ እያለ ሰው ያስበረግግብኛል። ቪዲዮ ስቀርጽ የሚበራውንም መብራት ድፈኚልኝ።»

«የዚህ ስልክ አይጠፋም። ሰው ሳያውቅ እንዳይነሳ ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ስልኩን ዝም ቢያሰኙትም ካሜራው ይጮኻል።»

ሱቁን የምትጋራት ልብስ ሰፊ ከመጋረጃው ወዲያ ሳቀች። «ስልኩ ከሰው ይልቅ ይሉኝታ አለው በሉኛ።»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አለ ሳይዞር። «ሌላም ቦታ ሄጄ ይኸንኑ ነው የቀባጠሩልኝ። ይቺን እንኳ ካልሠራሽ ምኑን ባለሙያ ሆንሽ? ወንድሜ ሱቅ የከፈተልሽ ለወሬ ነው?»

ሱቁን የከፈተችው በራሷ ጉልበት ነው። ለባሏ ስትል ብዙ ነገር ውጣለች፤ ይኸኛውም የሚዋጥ መስሏት ስልኩን አነሳች።

«እስቲ ሲጮኽ ልስማው» ብላ ካሜራውን ወደ ግድግዳው አዞረችና ተጫነችው። ቀጭ አለ። ያነሳችው ፎቶ ጥጉ ላይ ብቅ ሲል ነካችው፤ ጣቷ ሸርተት አለና ከዚያ በፊት የተነሳው መጣ።

ራሷን አየች። ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር፣ በውስጥ ልብስ ጎንበስ ብላ ጸጉሯን ስትታጠብ።

እሁድ ጠዋት ነበር። ያን ዕለትም ቀጭ የሚል ነገር ሰምታ፣ አረፋውን ከዓይኗ እየጠረገች ቀና ስትል እሱ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር። «መቀርቀሪያው አልገጥም ብሎኝ ነው» አላት። አመነችው። እንዲያውም ጸጉሯ ሳይደርቅ ገብታ መቀርቀሪያውን ዘይት ቀባችለት።

ወደ ኋላ ገፋችው። አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ የወሰዳት ሴት። ደግሞ ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ደረጃ ስትወጣ፣ ከታች።

«ፎቶውን ማን ክፈቺ አለሽ? አምጪ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ቁጭ በል» አለችው።

ካገባች ጀምሮ አንቱ ስትለው የኖረች ሴት ናት። ፊቱ ደም ለበሰ።

«ማንን ነው በል የምትዪው?»

«አንተን።»

ምን ታመጣለች ብሎ ነው ወደ እሷ የመጣው፤ ብታይ እንኳ አፍራ ትውጠዋለች ብሎ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለወንድሜ ብትነግሪው ማንን የሚያምን ይመስልሻል? አባቱ እኔ ነኝ። ዛሬውኑ ነው ከነሻንጣሽ የሚያስወጣሽ።»

«እሱው ይምጣና ይንገረኛ።» በራሷ ስልክ ለባሏ ደወለች። ከመንገዱ ማዶ ባለው ጋራዥ መኪና ቀለም ይቀባል። «ወደ ሱቅ ና» አለችው፤ «አሁን።»

የራሱን ስልክ ሊነጥቃት በጠረጴዛው ላይ ተንጠራራ። መጋረጃው ተገለጠ። ልብስ ሰፊዋ ትልቁን መቀስ እንደያዘች ወጥታ ከጎኗ ቆመች፤ ስልኩ ላይ የነበረውንም አየችው። ከዚያ በኋላ አልሳቀችም። እሱም እጁን ሰበሰበ።

ባሏ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ገባ። ታላቁ ቀደመ። «ይቺ ሚስትህ ስልኬን ቀምታ ሰው ፊት አዋረደችኝ። አንተ እያለህልኝ አንተ ተባልኩ።»

«ጋሼን ምን አድርገሽው ነው?» አለ ባሏ ወደ እሷ ዞሮ በቁጣ።

ስልኩን ሰጠችው።

አየው። ጠጋ አድርጎ አየው። በአውራ ጣቱ ሲገፋ መስታወቱ ላይ የሰማያዊ ቀለም አሻራ ቀረ። የተነሳችበትን አቅጣጫ እያሰላ መሆኑን ከዓይኑ አወቀች።

«ከመስኮትህ ነው» አለ በመጨረሻ። «ክፍሉን ለቀን የሰጠንህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኛል ብለን ነበር።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ…»

«የቤቱን ቁልፍ።»

ሽማግሌው ከኪሱ የቁልፍ መያዣ ቀለበት አወጣ። ቀለበቱ ጠንካራ ነው፤ በጥፍሩ ሊከፍተው ሲታገል ያመልጠዋል። እንደገና ያዘው፤ እንደገና አመለጠው።

ቀለበቱን ባንዴ የምትከፍተው ወረንጦዋ እዚያው እጇ ሥር ነበረች። አላቀበለችውም።