የተነካ ቡሎን

ሽማግሌው መካኒክ የልጁን ባል የጠላው ገና በፈገግታው ነው። ሰው እንዴት ጥርሱን እየገለጠ ግራሶ ያጥባል? ኤጭ!

ነገሩ ግን ከጥርስ አለፈ። የከባድ መኪና ሞተር ቢዬላ፣ ፒስተኑን የሚይዘው የብረት ክንድ፣ አርጅቶ ሲቀየር፣ አዲሱ ከነክዳኑ ነው የሚመጣው፤ በሁለቱም ላይ የተቀረጸው ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። የአንዱ ክዳን ለሌላው ከተገጠመ ሞተሩ አለቀለት። ሽማግሌው ይህን ሥራ ለማንም አይሰጥም። ክዳኑን ከፊቱ አርቆ ይይዛል፣ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል፣ ገጥሞ ያጠብቃል። ሠላሳ ዓመት አንድም ሞተር አልተመለሰበትም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ማታ ባጠበቀው ክዳን ላይ የቡሎኖቹ አቀማመጥ አላማረውም። ከዚያ ወዲህ ሥራውን ሲጨርስ ከቡሎኑ እስከ ክዳኑ በቀይ ቀለም ቀጭን መስመር ያሰምር ጀመር። ቡሎን ከተነካ መስመሩ ይሰበራል።

በማግስቱ ተሰብሮ አገኘው። በቀጣዩ ሞተርም እንዲሁ።

ጋራዡን ቀድሞ የሚከፍት ማን ሆነና? ያ ጥርሳም!

"ስሜን አጥፍቶ ጋራዤን ሊወርስ ነው" አላት ልጁን። "የበላበትን ወጪት ሰባሪ!"

"አባዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ጠይቀው።"

"ፊቱን ሳየው ያቅለሸልሸኛል!"

ማክሰኞ ማለዳ ተደብቆ ጠበቀና እጅ ከፍንጅ ያዘው። በሁለት እጁ ሁለት ክዳን ይዟል።

"ምን እያደረግህ ነው?"

የልጁ ባል ክዳኖቹን አየ፤ ሽማግሌውን አየ። ያ ፈገግታ የለም።

"ምንም፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ቱ! ከዓይኔ ጥፋልኝ!"

የጋራዡን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ልጁም በዚያው ዕለት ልብሷን ሸክፋ ባሏን ተከተለች። ሽማግሌው ያ ጥርሳም የነካካውን ዕቃ ሁሉ በጋዝ አጠበ።

ቀጣዩን ሞተር ብቻውን ገጥሞ፣ አስምሮ ዘጋው። የጋራዡንም ቁልፍ ቀየረ። እፎይ!

በአሥረኛው ቀን መኪናው ተጎትቶ መጣ። ሞተሩ ውስጡ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። ሽማግሌው ከሥሩ ገብቶ የሞተሩን የታች መሸፈኛ ፈታ፤ ሾፌሩ ባትሪ አበራለት።

"ጋሼ፣ ቢዬላው ላይ ሦስት ይላል፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ስምንት።"

"አላልኩም? ያ እርጉም መስኮት ሰብሮም ቢሆን ገብቷል! አሁን መስመሩን አሳይሃለሁ፤ ምስክሬ ነህ!"

ዘይቱን በጨርቅ ጠረገው። ቀይዋ መስመር ከቡሎኑ እስከ ክዳኑ፣ እሱ እንዳሰመራት፣ ሳትሰበር ቀጥ ብላለች።