ስለ አባቴ የሰጠሁት ቃል

«ቀናው የሚባል ሟች የለም» ይሉኛል መዝጋቢው አዴር ዐብዲናስር፣ ጣታቸውን ከመዝገቡ ሳያነሱ። «ጥርን አየሁ፣ የካቲትንም አየሁ። የለም።»

«እንደገና ይዩልኝ።»

«ሁለቴ አየሁ እኮ።»

«ሦስተኛ ቢያዩ ዓይንዎ አያልቅም።»

ከኋላዬ የተሰለፈችው ቢሻሮ ትስቃለች። ጠዋት የእሷን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ለአገሩ ሁሉ ትጽፊያለሽ፣ የራስሽ ሲሆን ጠፋሽ?» ትለኛለች። «አንቺ ተራሽን ጠብቂ» እላታለሁ።

በዚህ ቀበሌ በረንዳ ላይ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ሰው የጣለውን ደብዳቤ እያነሳሁ በማንበብ ተማርኩት። ወረቀት ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ቀናው ለምን መዝገቡ ላይ እንደሌለም አውቃለሁ። ያኛውን ስም ከአፌ ማውጣት ነው ያቃተኝ።

ሳላወጣውም መሄድ አልችልም። መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ቀብተዋል። የቤቱ ካርታ በአባቴ ስም ነው፤ የሞት ምስክር ወረቀት ቀርቦ ወደ እናቴ ስም ካልዞረ ምትክ ቦታ የለም። እናቴ ደስታነሽ ከዚያ ግቢ ሌላ የምታውቀው ቤት የላትም።

አዴር በመነጽራቸው አናት ላይ ያዩኛል። የቀበሌው ሰው ሁሉ አዴር፣ አጎቴ እንደማለት፣ ይላቸዋል። «ሌላ ስም አልነበረውም?»

ያውቃሉ። ጅግጅጋ ሁሉ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አባቴ ሻሚስን አገባ፣ ሰለመ፣ ስሙን ቀየረ፣ ከእኛ ቤት ሦስት መንገድ ተሻግሮ መኖር ጀመረ። እናቴ አንድም ክፉ ቃል አልወጣትም። የእሷንም ድርሻ እኔ ተናገርኩላት። አንድ ቀን በራችንን አንኳኩቶ ስሜን ሲጠራ፣ «አባቴን ነው የሚፈልጉት? ሞቷል» ብዬ በአንቱታ ዘጋሁበት።

«ዐብዲኑር» እላለሁ፣ ለግድግዳው።

ወዲያው ያገኙታል። ጥር አሥራ አራት፣ 2010። የስኳር ሕመም። አስመዝጋቢ፣ ባለቤቱ ሻሚስ። ቀብሩን የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነበር። ማንም አልጠራኝም፤ ማን ደፍሮ ይጠራኛል?

«አሁን ዐብዲኑር ማለት ቀናው መሆኑን የቤታችሁ የድሮ ማህደር ያሳየናል» ብለው ከመደርደሪያው ያወርዱታል። አቧራውን በክርናቸው ይጠርጋሉ፣ ይገልጣሉ፣ ይገልጣሉ፣ ይቆማሉ። ከዚያ ማህደሩን ወደ እኔ ያዞሩታል።

መታወቂያ ያወጣሁበት ቅጽ ነው፣ የ2002። «አባት» በሚለው መስመር ላይ፦ በሕይወት የሉም። ከሥሩ ፊርማዬ።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አዴር ያኔ ከሸደር ተዛውረው የመጡ አዲስ ሰው ነበሩ፣ ማንንም አያውቁም። «ፈጣሪ ያጽናሽ፣ ልጄ» አሉኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

«በአንድ ማህደር አንድ ሰው ሁለቴ አይሞትም» ይላሉ አሁን። «አንዱን ማረም አለብን።»

«ልጅ ነበርኩ።»

«እሱም እንደዚያው ነው ያለው።»

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ። በ2004 መታወቂያውን ሊያድስ መጣ። ይህንን ስገልጥ አብሮኝ አየው። እኔ ሳቅኩ፤ 'አንተ ሰው፣ ቀብረውሃል እኮ' አልኩት። ላርመው ብዕር ሳነሳ እጄን ያዘኝ። 'ተወው፣ የሐሰት ቃል ሰጠች ብለው መታወቂያዋን ይነጥቋታል። ልጅ ናት' አለኝ።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ያብሱታል። «ሊወጣ ሲል ደግሞ፣ 'ጽሕፈቷ ግን ሲያምር' አለ።»

ቢሻሮ ከኋላዬ አትስቅም።

አዴር ነጭ ወረቀት ያንሸራትቱልኛል። «ጻፊ። ሥራሽ ነው።»

እቀመጣለሁ። መጀመሪያው ቀላል ነው፣ እጄ ብቻውን ያውቀዋል። ለቀበሌው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ ቃል ስለማረም። እኔ አክሱማዊት ቀናው፣ በ2002 ዓ.ም. የሰጠሁት ቃል ትክክል ስላልሆነ... እዚህ ላይ ብዕሩ ይቆማል። ለስንት ሰው ጽፌዋለሁ፣ ቆሞብኝ አያውቅም።

አባቴ ቀናው፣ በኋላ ዐብዲኑር የተባለው፣ በ2002 ዓ.ም. በሕይወት ነበር።

የሚጠየቀው ይኸው ነው። ቀንና ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ብዕሩ ግን ከወረቀቱ አይነሳልኝም።

በ2003ም ነበር። በ2007ም ነበር። ስኳሩ ሲጠናበት በከዘራ ይሄድ ነበር። በዚህ በረንዳ ፊት ለፊት ሲያልፍ እርምጃውን ያዘገይ ነበር። እኔ ከወረቀቴ ቀና አልልም ነበር፤ በከዘራው ድምፅ ግን አውቀው ነበር።

«ይበቃል» ይላሉ አዴር፣ ማኅተሙን እንደያዙ። «ከዚህ በላይ አይጠየቅም።»

ገጹ ሞልቷል። ገልብጬ በጀርባው እቀጥላለሁ።