አንድ ስድስተኛ ያለችው ልጅ

«ስህተት ነው! ተቀመጪ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ...

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ድምፄን ከፍ ካደረግኩ ይቅርታ... ተናድጃለሁ!

እኔ እዚህ እንጅባራ ባጃጅ ነው የምነዳው። እህቴ ያለምወርቅ ሰባተኛ ክፍል ናት። የክፍሉን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት፤ የቀረውን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ከእህቴ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጥ እንቁ የምትባል ልጅ አለች።

ከዘንገና በኩል ነው ወደ ከተማ የገቡት። አባት የለም... እንቁና ሁለት ትንንሽ ወንድሞቿ ያለቻቸው እናታቸው እትዬ አምሳለ ብቻ ናት። የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋቸው።

እሷ ከወደቀች አለቀ። ሌላ ሰው የላቸውም!

የሒሳብ መምህራቸው መምህር ስማቸው ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ልናገር። ክፍልፋይ ማባዛትና ማካፈል አልገባ ሲላቸው ከኪሱ ዳቦ ገዝቶ ገባ።

«ግማሽ ዳቦ ለሦስት ማካፈል ማለት ግማሹን በአንድ ሦስተኛ ማባዛት ነው» እያለ በቢላዋ ቆርጦ አሳያቸው።

ያኔ ነው የገባቸው።

ከዛ የቤት ሥራ ሰጠ። «ግማሽ ዳቦ ቤታችሁ ውስጥ ላሉት ሰዎች እኩል አካፍሉ። ለአንድ ሰው ስንት ይደርሰዋል?»

እኛ ቤት አምስት ነን። እህቴ አንድ አስረኛ ብላ ጻፈች። ልክ ነው።

እንቁ ግን... አንድ ስድስተኛ።

«ቤታችሁ ስንት ናችሁ?» አላት መምህሩ።

«አራት ነን ቲቸር።»

«ግማሽ ለአራት ሲካፈል?»

«አንድ ስምንተኛ።»

«ይኸው ታውቂዋለሽ! አንድ ስድስተኛው ታዲያ ከየት መጣ?»

«ለሦስት ነው ያካፈልኩት... እማ አትቆጠርም። ጾመኛ ናት።»

ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው እኮ! ሃምሳው ላይ ነን! ረቡዕና አርብ እንኳን በማይጾምበት ጊዜ!

«እማሆይ አምሳለ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ፋሲካ መግባቱን የነገራት የለም እንዴ?» አለ ሌላው።

መምህሩም ሳቁ አመለጠው... «በሃምሳው የሚጾም የለም። ስህተት ነው! ተቀመጪ!»

ኤክስ አደረገባት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ልጆቹ ወሬውን ይዘው ቤት ገቡ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ ተሰብስበው...

«አምሳለ በሃምሳው ትጾማለች አሉ።»

«ውይ በማርያም! ጠንቋይ ይሆናል ያዘዛት።»

«እኔማ ከእንግዲህ ልብሴን አልሰጣትም። የልጆቼን ልብስ ይዛ ምን እንደምታደርግበት ማን ያውቃል?»

በቃ! ልብስ የሚሰጣት ጠፋ። የሰባተኛ ክፍል የቤት ሥራ ሴትዮዋን ከእንጀራዋ አፈናቀላት! ይሄ እብደት አይደለም?

ከዛ አንድ ቀን ጠዋት እንቁ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መንገድ መሃል ገብታ ባጃጄን አስቆመችኝ።

«ጋሼ በማርያም! እማ ወደቀችብኝ!»

እትዬ አምሳለን ያነሳኋት እኔ ነኝ... ክብደት የላትም። ትልቅ ሰው እኮ ናት፣ ክብደት የላትም!

መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ለልጇ በአዊኛ አንድ ነገር አለቻት። እኔ አዊኛ አልሰማም።

«ምን አለችሽ?»

«ለሰው እንዳትነግሪ ነው ያለችኝ።»

ሆስፒታል ደረስን። ነርሷ፣ «መጨረሻ የበላችው መቼ ነው?» ብላ እንቁን ጠየቀቻት።

«ጾመኛ ናት።»

ነርሷ ቁጢጥ ብላ እጇን ያዘቻት። «የኔ እናት፣ ይሄ ጾም አይደለም። እናትሽ ርቧት ነው።»

እንቁ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«አውቃለሁ።»

አውቃለሁ!

«ሁዳዴውን ሙሉ ‹እኔ ጾመኛ ነኝ፣ እናንተ ብሉ› ስትለን አምኛት ነበር። ፋሲካ ገብቶም እንደዛው ስትለን ገባኝ... ማወቄን ብታውቅ ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። ቲቸር ቤታችሁ ላሉት አካፍሉ ሲለን ግን ያው... እኛ ቤት የሚካፈለው ለሦስት ነው።»

ሰማችሁ? ልጅቷ አልተሳሳተችም! እሷ የጻፈችው እውነቱን ነው!

እትዬ አምሳለ በማግስቱ አረፈች...

ለቅሶው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ? እዝኑ በአገልግል፣ በአገልግል! እንጀራው፣ ወጡ፣ ንፍሮው... ማስቀመጫ ጠፋ። ያቺ «ልብሴን አልሰጣትም» ያለችው ሴትዮ ትልቁን አገልግል አሸክማ «እህቴን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ልጮህባት ስል አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

መምህር ስማቸው መጥቶ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ንፍሮ ሲሰጡት እጁን አልዘረጋም።

የእንቁ ትንሹ ወንድም አፉን ሞልቶ ይበላል። ቀና ብሎ እህቱን ጠየቃት።

«ነገም ያመጣሉ?»

«አዎ... እስከ ሰልስት ያመጣሉ» አለችው።

ወጥቼ ባጃጄ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ወገኖቼ፣ ለጠገበ እንግዳ «በሞቴ! አንድ ጊዜ ብቻ!» እያልን አፉ ውስጥ እንጎሰጉሳለን። የዚችን ሴት ግን ጾሟን ስንመረምር ጓዳዋን ያየ የለም። ረሃብ «ራበኝ» ብሎ አይመጣም... «ጾመኛ ነኝ» ይላል፣ «ቅድም በልቻለሁ» ይላል፣ ነጠላውን አስተካክሎ በሰላምታ ያልፋችኋል።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ... ጎረቤታችሁ እንደዚህ ሲላችሁ፣ ሳታሳፍሩት እንዴት ነው የምታበሉት? የምታውቁበት ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ለወሬ አይደለም የምጠይቃችሁ...

ሰልስቱ ነገ ነው።