ኮሪደር ላይ የሚነገረው

ታክ ማንሱ ቤተሰቡ አንድ ነገር እንደደበቀው የጠረጠረው ከሾርባው ነው። ጨው የለውም።

«የቴጉን እናት፣ ጨው ጠፋ እንዴ ከቡሳን?»

«ለጤናህ ነው፤ ዝም ብለህ ብላ» አለች ሚስቱ ኦክሬ። እሷም ያንኑ አልጫ ትንሽ ቀመሰችና ሳህኗን አነሳች።

ማንሱ ከአንድ ባልዲ ዓሣ ተነስቶ በቡሳን ከተማ ዓሣ ገበያ ሦስት መደብር ያቆመ ሰው ነው። የዓሣ ስንጥብ ገልጦ የትናንቱን ከዛሬው ይለያል። የሰው ፊት ማንበብም አይከብደውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ጉበቱ ላይ ካንሰር ተገኘበት። ዕጢዎቹ ትንንሽ ስለነበሩና ደም ሥር ውስጥ ስላልገቡ፣ ጉበት ቢቀየርለት ይድናል ተባለ። ልጁ ቴጉን ከገዛ ጉበቱ አስቆርጦ ሰጠው።

ያን ጊዜ እውነቱን የሰማው ከሁሉም በኋላ ነበር። ለሽማግሌ ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም፤ ሐኪሙ ቤተሰቡን ኮሪደር ላይ ጠርቶ ይነግራል፣ ቤተሰቡ ለበሽተኛው «ጨጓራ ነው» ይላል። አሁንም ቤቱ ያን ሰሞን ይመስላል። እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል። ኦክሬ ከስታለች፤ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ቤት መሄድም ትታለች። ሐዘን ነው የበላት፣ አለ በልቡ።

አንድ ቀን ቴጉን ከመደብሩ ጀርባ በስልክ ሲያወራ ሰማው።

«ደም ሥር ውስጥ አልገባም አይደል? እንግዲያው ጊዜ አለን። አባባ ግን እንዳይሰማ።»

ማንሱ የመድኃኒቱን ሰዓት አሳልፎ አያውቅም። መጠጥ በአፉ አልዞረም። ካንሰሩ ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንደሚመለስ ግን ያውቃል፤ ጉበቱ ከተቀየረለት ደግሞ ሁለተኛው ዓመት ገና አላለቀም። መሞቱ ካልቀረ ራሱ ሊሰማው ፈለገ። ለማንም ሳይናገር ሐኪሙ ዘንድ ሄደ።

«ደምዎ ንጹሕ ነው፤ ፎቶውም ንጹሕ ነው» አለ ሐኪሙ።

«ዶክተር፣ እኔ የበሰበሰ ዓሣ ትኩስ ነው ብዬ ሸጬ አላውቅም። አንተም አትሽጥልኝ።»

«እውነቴን ነው፣ አባት።» ሐኪሙ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ። «ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው?»

ይኸው! ወሬውን ለእሷ ሊነግራት ነው፣ አለ ማንሱ። እየተናደደ ወጣ።

ደረጃው አጠገብ ሲደርስ ቴጉንን አየው። ልጁ ጉበት ለጋሾች ከሚመረመሩበት ክፍል እየወጣ ነው። ማንሱ ያን ክፍል አይረሳውም። ቴጉን ያን ጊዜም እዚያው ገብቶ ነበር የተመረመረው።

«አንተ! መደብሩን ለማን ትተህ መጣህ?»

ቴጉን ደነገጠ። «አባባ... እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«የምትሸሽጉኝን ላነፈንፍ መጣሁ። ሐኪሙንም አስጠንታችሁት ንጹሕ ነህ አለኝ!»

«ሐኪሙ አልዋሹም።»

«ታዲያ እዚያ ክፍል ምን ትሠራለህ? ሆድህን ደግመህ ልታስቀድድ? አልቀበልም! ሰማህ? ብሞትም ሁለተኛ አልቀበልህም!»

የሚያልፉ ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ቴጉን የአባቱን ክንድ ይዞ ወንበር ላይ አስቀመጠውና ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለ።

«አንዴ የሰጠ ሰው ደግሞ አይሰጥም ብለው መለሱኝ፣ አባባ። የመጣሁት ለእማማ ልሰጥ ነበር።»