እጁን የታጠበው ቲማቲም ለቃሚ

"እጅህን አሳየኝ" አለ የቤቶች ተቆጣጣሪው፣ በሩ ላይ እንደቆመ…

ቲማቲም ለቃሚው ሁለት እጁን ዘረጋ።

ንጹሕ ነው… የሙሽራ እጅ ይመስላል።

ከኋላው የቆመችው ሚስቱ ልቧ ስንጥቅ አለ።

እነዚህ ክፍሎች በርካሽ የሚከራዩት ለእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ብቻ ነው። በየዓመቱ "እውነተኛው ሠራተኛ ማን ነው?" ተብሎ ይጣራል… በእጅ።

የቲማቲም ቅጠል የለቃሚን እጅ ጥቁር አረንጓዴ አድርጎ ይለብጠዋል። ሳሙና አይበግረውም፣ የሚያስለቅቀው ያልበሰለ ቲማቲም ጭማቂ ነው።

እሷ ደግሞ የመጀመሪያ ፍተሻዋ ስለሆነ፣ ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል "እንግዳ ፊት እንዳታዋርደኝ" ብላ፣ ያልበሰለ ቲማቲም እየጨፈለቀች የባሏን እጅ ስትፈትግ ነው ያረፈደችው…

"እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ ጌታዬ። አሠሪውን ይጠይቁት፣ ይመሰክራል።"

"ምስክር ይዋሻል፣ እህቴ። እጅ ግን አይዋሽም። ክፍሉን እስከ ነገ ልቀቁ።"

እዚህ ከመግባታቸው በፊት ከነልጆቿ የምታድረው የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ነበር። ትንሿን ልጇን ሳል የለቀቃት ከዚያ ከወጡ ወዲህ ነው።

ተቆጣጣሪው ወደሚቀጥለው በር ተሻገረ።

ጎረቤቷ የታክሲ ሹፌር ነው። እርሻ ከረገጠ ዘመን የለውም። የዘረጋው እጅ ግን እስከ ክርኑ ጠቁሯል…

"አየሽ?" አላት ተቆጣጣሪው ዞር ብሎ። "ሠራተኛ ማለት ይሄ ነው።"

የሞተር ግራሶ መሆኑን ታውቃለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ የእጅ ፍተሻው ከንቱነት ይጋለጣል፣ የእሷም ክፍል ይተርፋል… ሹፌሩ ግን ይባረራል።

ከሹፌሩ ጀርባ አራስ ሚስቱ ሕፃኗን ታቅፋ ታያታለች።

ምላሷን ነከሰች።

ሹፌሩ ዝምታዋን አየ… አንገቱን ደፋ።

"ጌታዬ፣ እኔ ሹፌር ነኝ። ይሄ ግራሶ ነው። ለቃሚው እሱ ነው።"

የተቆጣጣሪው ዓይን እንባ አቀረረ።

"እውነተኛ ሠራተኛ ሁሌም ራሱን ዝቅ ያደርጋል" ብሎ የሹፌሩን ትከሻ መታ መታ አድርጎ አለፈ።

ሹፌሩ ለቃሚውን በክንዱ ይዞ ወደ ጓሮ ጎተተው።

"ና ወንድሜ… እውነቱን ሞክረነው እምቢ ብሏል። እጅህን አምጣ።"

ተቆጣጣሪው ሌሎቹን በሮች ጨርሶ ሲመለስ ለቃሚው ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቀው። ከሰል የመሰለ እጅ…



"ቅድም የት ነበር ይሄ እጅ?"

"ሥራ ላይ፣ ጌታዬ።"

ተቆጣጣሪው እጁን ገልበጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ታዲያ እንዲህ አትለኝም? በሉ ኑሩ።"

ወዳጆቼ… ትምህርቱ ግልጽ ነው። ንጽሕና መልካም ነው፣ ግን ከፍተሻ በኋላ። ደግሞም ዝም አይነቅዝም… ዛሬ ያላጋለጥከው ጎረቤት ነገ ቤትህን ያተርፍልሃል።

እናንተስ በሚስቲቱ ቦታ ብትሆኑ፣ ልጆቻችሁ ወደ መጋዘን ሊመለሱ እያዩ ዝም ትሉ ነበር? እጃችሁን ሳትታጠቡ ኮሜንት ላይ ጻፉልን 👇