የኋላ ወንበር ላይ የተኛው መኪና ሻጭ

«መጡ! ... ሀዋሳ ሄዷል በላቸው!»

ታዲዮስ መካኒኩን ደግነትን ይህን ብሎ አጠገቡ የቆመችውን ትንሽ የቤት መኪና ከፈተና የኋላ ወንበሯ ላይ ተጋደመ።

ረጅም ሰው ነው... መኪናዋ ጠበበችው።

ዲላ ውስጥ ያገለገሉ መኪኖች የሚሸጥበት ግቢ አለው። የገዛ ግቢው ነው! ግን ያን ቀን ጠዋት እንደ ሌባ ተደብቆ ነበር።

የሸሸው ከፖሊስ እንዳይመስላችሁ... ከጋሽ ሽብሩ ነው። ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ነጭ ሚኒባስ የሸጠላቸው የቡሌ ገበሬ ናቸው። የስንት ዓመት ልፋታቸውን አውጥተው ነው የገዟት።

ሚኒባሷ ምን እንዳለባት ከታዲዮስና ከደግነት በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ቴስታታ ተሰንጥቋል። ስንጥቁን በማጣበቂያ ደፈኑት፣ ሞተሩን አጥበው አብለጨለጩት... አለቀ።

«ሜዳ ላይ ምንም አትሆንም» ነበር ያለው ታዲዮስ።

ቡሌ ደግሞ ሜዳ አይደለም! የሄደ ያውቀዋል።

ውሉ ላይም «ባለችበት ሁኔታ ገዝቻለሁ» የምትል መስመር ጨምሮ አስፈረማቸው።

ይሄ ሁሉ ይሁን እንበል... ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው የባሰው።

ሁለቱም የወንጌል አማኞች ናቸው፤ በነሱ ዘንድ ቁልፍ ከመስጠት በፊት መኪናው ላይ እጅ ጭኖ መጸለይ ልማድ ነው። ታዲያ የጸለየው ማን መሰላችሁ? ራሱ ታዲዮስ!

«ጌታ ሆይ፣ ይህችን መኪና ከክፉ ጠብቃት» አለ... እጁን ኮፈኑ ላይ፣ ልክ ከስንጥቁ በላይ አድርጎ።

ጋሽ ሽብሩ እንባ ባቀረረ ዓይን «አሜን» አሉ።

እንግዲህ አሁን ግቢው ውስጥ ገብተዋል። በእግራቸው ነው የመጡት።

«ደህና አደርክ ልጄ? ወንድም ታዲዮስ አለ?»

«የለም ጋሼ... ሀዋሳ ሄዷል» አለ ደግነት።

ሽማግሌው ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«እንግዲያው መልእክቴን አድርስልኝ።»

የመኪናዋ መስኮት ግማሹ ክፍት ነበር። ታዲዮስ እያንዳንዷን ቃል ይሰማል።

«ባለፈው ሐሙስ ከሆስፒታል አራስ ከነልጇ ይዘን ወደ ቡሌ ስንወጣ መኪናዋ ዳገቱ ላይ ፈላች። ዝናብ ነበር፣ ብርድ ነበር... አራሷን በቃሬዛ ተሸክመን ነው የገባነው። ሁለቱም ተርፈዋል፣ ጌታ ይመስገን።»

ደግነት መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«የሰፈር ሰው 'ታዲዮስ አታለለህ' አለኝ። እኔ አልተቀበልኩም። እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሜ 'ያ ልጅ እጁን ጭኖ ጸልዮልኛል፣ እያወቀ አያደርገውም፣ ጥፋቱ የኔ ይሆናል' ብዬ መሰከርኩለት።»

የታዲዮስ ፊት እስከ ጆሮው ጋለ።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ... ከእፍረቱ በፊት የመጣለት እፎይታ ነበር። «ጥፋቱን ራሳቸው ወሰዱልኝ፣ ተገላገልኩ!» አለ በልቡ።

ዛሬም ድረስ ከሁሉ በላይ የሚያሳፍረው ይህችን ማሰቡ ነው።

«ባዶ እጄንም አልመጣሁም» ቀጠሉ ጋሽ ሽብሩ። «ባለቤቴ ቅቤ የገባበት ቆጮ ልካለታለች። ፀሐይ እንዳያገኘው እዚህች መኪና ውስጥ ላስቀምጥለት።»

«ኧረ ጋሼ! ለኔ ይስጡኝ!» ደግነት ተንደረደረ... አልደረሰም።

በሩ ተከፈተ።

የአርባ ዓመት ሰው፣ የመዘምራን መሪ፣ ጉልበቱን አጥፎ እንደተጋደመ ከታች ወደ ላይ አያቸው።

ጋሽ ሽብሩ አልሳቁም... አልተቆጡም።

«ተኝተህ ነበር? ይቅርታ፣ ቀሰቀስኩህ» አሉት።

ምነው በጥፊ ባሉት!

ታዲዮስ ወጥቶ ቆመ። አንገቱን ቀና ማድረግ አቃተው።

«ጋሽ ሽብሩ... ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ስንጥቁን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ነው የሸጥኩት... እያወቅኩ ነው የጸለይኩት።»

ሽማግሌው ከኮታቸው ኪስ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አወጡ።

«ይሄ ትናንት ሌላ መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ ያየውን የጻፈበት ነው። ይሄ ደግሞ ልጄ ሰላማዊት ያዘጋጀችው ክስ ነው። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው የምትማረው። 'አባዬ፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ ከደበቀ ያቺ ፊርማ አታድነውም' ብላኛለች። በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው... ከዚህ ወደ ፍርድ ቤት ነው የምንሄደው።»

ታዲዮስ ክው አለ።

«ካወቁ ታዲያ... ቆጮው ለምንድን ነው?»

«እሁድ የመሰከርኩልህ ውሸት ሆኖብኝ ነዋ! በጉባኤ ፊት ውሸታም አደረግከኝ። እስቲ ራሱ እንዲናገር አንድ ዕድል ልስጠው ብዬ ነው።»

ወረቀቶቹን ወደ ኪሳቸው እየመለሱ ጨመሩ...

«ደግሞ ስገባ ጫማህ በመስኮቱ ይታይ ነበር። ያን ሁሉ ያወራሁት ለደግነት አልነበረም... ለጫማህ ነው።»

ክሱ ፍርድ ቤት አልገባም። ታዲዮስ ያን ዕለት ገንዘቡን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መለሰ፣ ሚኒባሷንም አስጎትቶ አመጣ።

በማግስቱ እንዳይመስላችሁ፣ አራት ቀን ሙሉ እንቅልፍ አጥቶ ነው... እሁድ ቡሌ ወጥቶ እዚያው ጉባኤ ፊት ቆመ። «ጋሽ ሽብሩ አልዋሹም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለ።

ቆጮውን ግን ጋሽ ሽብሩ ይዘውት አልተመለሱም። ታዲዮስ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለመዋጥ ውሃ አስፈልጎት ነበር ይባላል።

ዛሬ ግቢው ብትሄዱ እያንዳንዱ መኪና መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል... የመኪናው ጉድለት በሙሉ ተጽፎበት።

ወገን... ጉድለት ደብቆ መሸጥ ጉብዝና አይደለም፤ ሌብነት ነው። ገዢም ብትሆኑ ሳታስመረምሩ አትግዙ፤ ከተታለላችሁም «ፈርሜያለሁ» ብላችሁ መብታችሁን አትተዉ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በጋሽ ሽብሩ ቦታ ብትሆኑ ይዛችሁ የምትሄዱት ክሱን ብቻ ነው ወይስ ቆጮውንም ጭምር? ኮሜንት ላይ እንገናኝ።